መላጊያና የብራና መጽሐፍ ገበታ

ደብረ ወርቅ ማርያምን በመሰሉ የጎጃም አድባራት የሚገኙት የብራና መጻሕፍት የሚጠረዙት በሁለት የእንጨት ገበታ መካከል ነው። ገበታው ከዋንዛ፥ ከወይራ ወይም ከጥድ ይጠረባል፤ ቆዳ ባልለበሰው ላይ የመጥረቢያው ዱካ ብዙ ጊዜ ይታያል። ስለዚህ የተሰበረ ገበታ ለሚጠግን ባለሙያ፥ «አሮጌው ትንሽ መላጊያ ይሻላል ወይስ አዲሱ?» የሚለው ክርክር ከዕቃ ምርጫ ያለፈ ነው።

የአዲሱ ደጋፊዎች የሚያነሡት የብረቱን ነገር ነው፤ በዚህም አልተሳሳቱም። የቀድሞው የስታንሊ መላጊያ አካል ተሰባሪ ብረት ስለሆነ ሲወድቅ ይሰነጠቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ የተመሠረተው ላይ-ኒልሰን የሚሠራው ግን መውደቅን ይችላል፤ ምላጩም ይወፍራል። ይሁን እንጂ ኤ2 የሚባለው ጠንካራ ብረት በተራ ድንጋይ ለሚስል ሰው አታካች ነው፤ በዚህ ረገድ አሮጌው ይመረጣል።

በማዕዘን በኩል ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። የስታንሊ 60½ም ሆነ አዲሱ አምሳያው ምላጩን በ12 ዲግሪ ገደማ ያስተኛል፤ ስለቱ በ25 ሲሳል ድምሩ 37 ይሆናል። ይህ ጅማቱን አቋርጦ ለተቆረጠ ጫፍ ይመቻል፤ ጅማቱ በተጠላለፈው የወይራ ገጽ ላይ ግን እንጨቱን ይቦጭቃል።

ከመቦጨቁም የሚከፋው ያማረው ልስላሴ ነው። የትኛውም መላጊያ በጥንቱ ገጽ ላይ አንድ ጊዜ ቢሄድ የጠራቢውን እጅ የሚያሳየውን ምልክት ጠርጎ ይወስዳል፤ ይህ ደግሞ በጽሑፍ ላልተመዘገበ ሙያ ዋና ማስረጃ ነው። መላጊያ የሚፈቀደው በአዲሱ መተኪያ ቁራጭ ላይ ብቻ ነው፤ ለዚያም በደንብ የተሳለ አሮጌ ስታንሊ ይበቃል።