ማር ጠቋሚዋ

ሰውና የዱር ፍጥረት ተጠራርተው አብረው መሥራታቸው የተረት ወሬ ይመስላል፤ በሞያሌ ዙሪያ ባለው የቦረና ምድር ግን የታወቀ ነገር ነው። ማር ፈላጊው መዳፎቹን ገጥሞ ወይም በቀንድ አውጣ ቅርፊት ያፏጫል። ማር ጠቋሚዋ ወፍ ትመጣና እየጮኸች ከዛፍ ዛፍ ትመራዋለች። ማሩ ያለበት ሲደርሱ ድምፅዋ ይለወጣል። እሱ ንቦቹን በጭስ አብርዶ ማሩን ይቆርጣል፤ ሰሙና እጩ ለእሷ ይቀራል። ሰም የሚፈጭ ሆድ ያለው ወፍ ብርቅ ነው!

ሁሴን ኢሳክና ኡልሪክ ራየር በሰሜን ኬንያ ቦረናዎች ዘንድ አጥንተው በ1989 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሥራ፣ በማያውቁት አካባቢ 9 ሰዓት ገደማ የሚፈጀው ፍለጋ በእሷ መሪነት ወደ 3 ሰዓት እንደሚወርድ አሳይቷል። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ አለመገራቷ ነው። ማንም አላሰራትም፣ በጎጆም አላሳደጋት፤ ስትጠራ ግን ትመጣለች። ፉጨቱን የሚያውቅ ሰው ከጠፋ፣ እሷም ከቅርንጫፍ ላይ ብትጣራ የሚከተላት አይኖርም።