ክቡ መስመር ሲሆን፤ የወለጋ ጭፈራ፣ ትወናና ዝግጅት በአንድ ከያኒ ዓይን

በአገራችን ስለ ተውኔት የሚጻፈው ሂስ በአብዛኛው ቃለ ተውኔቱን የሚመረምር ነው። የተዋናዩ አካል፣ የጨፋሪው እግር፣ የአዘጋጁ ዓይን እምብዛም አይነሱም። እኔ በነቀምቴና በሌሎች የወለጋ ከተሞች ስጨፍር፣ ስተውንና ሳዘጋጅ የኖርሁ ነኝ። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምከራከረው ሦስቱ ሙያዎች በወለጋ ጭፈራ ውስጥ አንድ እንደሆኑ፣ የሚለያዩትም መድረክ ላይ ሲወጡ መሆኑን ነው።

በከኒሳ ቀሴን በመሰለ የነቀምቴ ሰፈር የሚደረግን ሠርግ እንውሰድ። ጨፋሪው ክብ ይሠራል፤ አውጪው ያወጣል፣ ተቀባዩ ይቀበላል፣ እግር መሬቱን ይመታል። አውጪው የሚዘፍን ብቻ አይደለም። ተቀባዩ ሲደክም ስንኙን ያሳጥራል፤ ጭብጨባው ሲቀዘቅዝ አዲስ ስንኝ ይጥላል፤ ዳር የቆመውን በስሙ ጠርቶ ያስገባል። ይህ የአዘጋጅ ሥራ ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

ትወናውም እዚያው አለ። በሠርግ ላይ የሚዘፈነውን የስድብ ዘፈን፣ አረብሶን፣ ያየ ሰው ይህን አይስተውም። የሙሽራዋ ወገን የሙሽራውን ወገን ሲሳደብ እውነተኛ ጠብ የለም፤ ቁጣው ግን እውነተኛ መስሎ ካልታየ ዘፈኑ ይከሽፋል። ጌራርሳም እንዲሁ ነው። ጌራሪው «እኔ» ሲል የራሱን ታሪክ ብቻ አይናገርም፤ የአባቱን ጀግንነት፣ የጎረቤቱን በደል በራሱ ደረትና ድምፅ ይሸከማል። ስታኒስላቭስኪ ከተዋናዩ የሚጠይቀው ውስጣዊ እምነት ለዚህ ሰው እንግዳ አይሆንበትም።

ወደ መድረኩ እንምጣ። የሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ደግሞ የኪነት ቡድኖች በየክፍለ ሀገሩ ተቋቋሙ። የእነዚህ ቡድኖች ውለታ ሊካድ አይገባም፤ ከትውልድ ቀዬው ውጭ የማይታወቅ ጭፈራ በሌላው የአገሪቱ ሕዝብ ዘንድ እንዲታወቅ አድርገዋል። ዋጋ ግን ተከፍሎበታል። በወጣትነቴ በነበርሁበት አንድ ቡድን የመጀመሪያው ትምህርታችን ፊታችንን ወደ ተመልካች አዙረን በመስመር መቆም ነበር። ክቡ ተዘረጋ። ባልደረባዬን ማየት ስላልቻልሁ እግሬ የሚከተለው የእሱን ትንፋሽ ሳይሆን የከበሮውን ቁጥር ሆነ። ሌሊቱን የሚዘልቀው ጭፈራም ወደ ጥቂት ደቂቃ ተጨመቀ፤ ፈገግታችን እንኳ አንድ ዓይነት ነበር።

እንግሊዛዊው አዘጋጅ ፒተር ብሩክ በ1968 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው «ባዶው ቦታ» በተሰኘ መጽሐፉ፣ አንድ ሰው በባዶ ቦታ ሲያልፍ ሌላው ካየው ለቴአትር መነሻ እንደሚበቃ ይናገራል። ሐሳቡ ጥልቅ ነው፤ ሆኖም አድራጊና ተመልካች አስቀድመው ተለያይተዋል ከሚል ይነሳል። በእኛ ክብ ውስጥ ተመልካቹ ተቀባይ ነው። እሱ ዝም ካለ ጨዋታው ያበቃል።

ነገሩ ለሥነ ጽሑፍ ተማሪም የሚተርፍ ነው። አስቴር ጋኖ ከትዝታዋ ያሰባሰበቻቸው የኦሮሞ ዘፈኖች፣ ተረቶችና እንቆቅልሾች፣ ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር በ1894 (እ.ኤ.አ.) ላሳተመችው የንባብ መጽሐፍ መሠረት ሆነዋል። ሁለቱም በኋላ ወደ ነቀምቴ መጥተው ሠርተዋል። ያ ሥራ ባይኖር ብዙ ቃል በጠፋ ነበር። ይሁን እንጂ ገጹ ላይ የቀረው የአውጪው ስንኝ ነው፤ በስንኝና በስንኝ መካከል የሚያርፈው እግር አልተጻፈም። ስለዚህ የቃል ግጥምን የሚተነትን ተመራማሪ ቤት መምታቱን ከመቁጠሩ በፊት እግሩ የት ላይ እንደሚያርፍ ቢጠይቅ ይበጀዋል።

ክብ በመድረክ ላይ ለተመልካች ጀርባ ይሰጣል የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ እውነትነት አለው። መፍትሔው ግን ክቡን ማፍረስ አይደለም። ክቡን ወደ ተመልካቹ በኩል ከፍቶ፣ የጎደለውን ግማሽ ተመልካቹ እንዲሞላው ማድረግ ይቻላል። አውጪው ወደ አዳራሹ ሲያወጣ አዳራሹ እንዲቀበል፣ መጋረጃው ከመከፈቱ በፊት አዝማቹን ማስለመድም ከባድ አይደለም። በዚህ መንገድ ባዘጋጀኋቸው ዝግጅቶች ጨፋሪዎቹ እርስ በርስ ሲተያዩ፣ ያላስጠናኋቸው ሳቅና ቁጣ ፊታቸው ላይ ሲመጣ አይቻለሁ። አዘጋጅ ጭፈራን አሳምራለሁ ብሎ ከመነሳቱ በፊት፣ ጨፋሪው ማንን እያየ እንደሚጨፍር ይመርምር። ከዚያ የሚመጣው ውበት ተቀባይ ያለው ውበት ይሆናል።