ታንከሩ ኮረብታው ላይ፣ ውሃው የት?
«ውሃ ከከፍታ ወደ ዝቅታ ይፈሳል» ተብለን ተምረናል። እውነት ነው፤ ግን ጎደሎ ነው። ሥዕሉም ያው ነው፦ ኮረብታ ላይ ታንከር፣ ታች ቤት።

እስቲ እንደ ጭሮ (አሰበ ተፈሪ) ባለ ዳገታማ ከተማ እናስበው። ታንከሩ ከቤታችሁ 30 ሜትር ከፍ ቢል ግፊቱ 3 ባር ገደማ ነው፤ ያውም ውሃው ቆሞ ሳለ። ሲፈስ ግን ፍትጊያ ግፊቱን ይበላዋል። «ሃይድሮሊክ ግሬዲየንት» የሚባለው ይህ በየሜትሩ የሚታይ ቅናሽ ነው። ጠዋት ሁሉም ሲቀዳ ፍሰቱ እጥፍ ከሆነ ብክነቱ 4 እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ ዳገት ላይ ያለው ቤት ይደርቃል፣ ሌሊት ውሃው ይመለሳል። በዚያው ፍሰት የቧንቧው ዲያሜትር በግማሽ ቢያንስስ? 32 እጥፍ ገደማ!

ሥዕሉ የቧንቧውን ርዝመትና ዲያሜትር ካላሳየ፣ ተማሪው «ታንከሩን ከፍ አድርጉት» ብሎ ይፈርዳል። ጥፋቱ ግን የቀጭኑ ቧንቧ ሊሆን ይችላል።