«ረን» ስንት ፍቺ አለው? የፍቺ ቆጠራና የትርጉም መስፈሪያ

በእንግሊዝኛ ከሁሉ የሚበዛ ፍቺ ያለው ቃል የትኛው ነው ለሚለው ጥያቄ የኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በተለያየ ጊዜ የተለያየ መልስ አስገኝቷል። በ1989 እ.ኤ.አ. በወጣው ሁለተኛ እትም ረጅሙን መግለጫ የያዘው ማስቀመጥን የሚያመለክተው «ሰት» ነበር። ከዚያ በኋላ በተካሄደው እድሳት ግን «ረን» በግሥነቱ ብቻ 645 ፍቺዎች ተቆጥረውለት ቀደመ። በዚህ አጭር ዘመን እንግሊዝኛ ይህን ያህል አልተለወጠም። ይበልጥ የተለወጠው የአዘጋጆቹ ማስረጃና የአከፋፈላቸው ዝርዝርነት ነው። እንግዲህ ቁጥሩ ስለ ቃሉ ከሚናገረው ይልቅ ስለ መዝገበ ቃላቱ አሠራር የሚናገረው ይበልጣል።

ይህ ጉዳይ የአማርኛን የመዝገበ ቃላት ሥራም ይነካል። «ረን» ወደ አማርኛ ሲመለስ ሰው ይሮጣል፣ ወንዝ ይፈሳል፣ ሞተር ይሠራል፣ ዕጩ ይወዳደራል፣ የታጠበ ጨርቅ ቀለም ይለቃል፣ አጥር ከዳር እስከ ዳር ይዘልቃል። ቮልፍ ሌስላው በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት የእንግሊዝኛውን ቃል በዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ አቻውን ከነዐውዱ የሚያቀርብ በመሆኑ እንዲህ ያለውን ልዩነት በጉልህ ያሳያል። ለተርጓሚ ይህ ትልቅ ውለታ ነው። ስሕተቱ የሚመጣው አንባቢው የአማርኛ አቻዎችን ቆጥሮ «ረን» ይህን ያህል ፍቺ አለው ብሎ ሲደመድም ነው።

መንገዱን ገልብጦ ማየት የድምዳሜውን ድክመት ያጋልጣል። በአማርኛ ከበሮም ክራርም ይመታል፤ በእንግሊዝኛ ግን የከበሮው ግሥ መደብደብን፣ የክራሩ መጫወትን ሊያመለክት ይችላል። በእንግሊዝኛ መስፈሪያ «መታ» እዚህ ላይ ሁለት ፍቺ ሊሰጠው ነው። አማርኛ ተናጋሪ ግን «ከበሮና ክራር መታ» የሚለውን ያለ አንዳች እንከን ይቀበላል። «ከበሮና እንቁላል መታ» ሲባል ግን ፈገግ ይላል፤ «ብዕርና ሥራ ያዘ» ሲባልም እንዲሁ። አንዱ ግሥ ሁለቱን ተሳቢዎች በአንድ ጊዜ መሸከም ሲያቅተው የሚሰማው ይህ ቅሬታ ፍቺው መለየቱን የሚጠቁም ከቋንቋው ከራሱ የሚገኝ ምልክት ነው።

የቃል ምሥረታም ቆጠራውን ያዛባል። እንግሊዝኛ ሥራው ሲሄድም ሰው ሥራውን ሲያስኬድም ያንኑ «ረን» ሊጠቀም ይችላል፤ በቅርጹ ላይ ለውጥ የለም። አማርኛ ልዩነቱን በአስደራጊ ምዕላድ ለይቶ «ሄደ» እና «አስኬደ» ይላል። በእንግሊዝኛው መዝገብ እንደ ተጨማሪ ፍቺ የሚቆጠረው በአማርኛው የእርባታ ሥርዓት ድርሻ ይሆናል። ስለዚህ የሁለቱን ቋንቋዎች ግሦች በፍቺ ብዛት ማወዳደር እህልን በእንቅብና በሜትር ለክቶ እንደ ማነጻጸር ነው።

ተሳቢዎችን የማጣመሩ ፈተና ብቻውን አይበቃም። ለአንዱ ተናጋሪ የሚያስቀው ለሌላው ላያስቅ ይችላል፤ ቀልደኛና ገጣሚም ሆን ብለው ይጥሱታል። ከአንድ በላይ የተናጋሪ ፍርድ፣ የተሳቢውንና የባለቤቱን ዓይነት እንዲሁም የምሥረታውን መንገድ አብሮ መመርመር ያስፈልጋል። ያም ሆኖ ከውጭ ቋንቋ ከተዋሰ ክፍፍል ይሻላል። ተማሪ «መታ»ን የሚያውቀው በእንግሊዝኛ አቻዎቹ ዝርዝር ብቻ ከሆነ፣ ክራሩንና ከበሮውን ያገናኘው የቋንቋው ዕይታ ከመዝገቡ ይጠፋል። የሚቀጥለው የአማርኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ የፍቺ ቁጥር ከመስጠቱ በፊት ክፍፍሉን በአማርኛ ዐረፍተ ነገር ሊፈትነው ይገባል።