ያቺ አንዲት ቀስት የደበቀችን ነገር

ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ የተማረ ሁሉ ያቺን ሥዕል ያውቃታል። በግራ በኩል ብዙ ነጠብጣብ፣ በቀኝ ጥቂት፣ መሃል ላይ የሴል ሽፋን፣ ከብዙው ወደ ጥቂቱ የምታመለክት አንዲት ቀስት። ከሥሯ ደግሞ ለዚህ ጉዞ ኃይል እንደማያስፈልግ ተጽፏል። እኔም ለፈተና ሸምድጃት አልፌያለሁ። ምህንድስና ገብቼ ስሌቱን ስሠራው ግን ሥዕሏ ብዙ ነገር እንደደበቀችን ገባኝ።

አንደኛ፣ ቀስቷ አንድ ብቻ ናት። ሞለኪውሎች እኮ የት ብዙ፣ የት ጥቂት እንዳለ አያውቁም! ሙቀት እያንቀሳቀሳቸው በየአቅጣጫው ይራወጣሉ፤ ሽፋኑንም ከሁለቱም ወገን ይሻገራሉ። ከብዙው ወገን የሚነሱት ስለሚበልጡ ብቻ ትርፉ ወደ ጥቂቱ ይሆናል። መጠኑ እኩል ሲሆንም መሻገሩ አይቆምም፤ የሚሄደውና የሚመጣው ይመጣጠናል እንጂ። ስለዚህ «ኃይል አያስፈልግም» ማለት ሴሉ ከራሱ አይከፍልም ማለት ነው፤ የሚያንቀሳቅስ ነገር የለም ማለት አይደለም።

ሁለተኛ፣ ሥዕሏ ሰዓትም ሜትርም የላትም። አንድ ትንሽ ሞለኪውል ውሃ ውስጥ 10 ማይክሮሜትር፣ ማለትም የአንድ ሴል ስፋት ያህል፣ ለመጓዝ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። 1 ሴንቲሜትር ለመጓዝ ግን 14 ሰዓት ገደማ ሊፈጅበት ይችላል። ርቀቱ 1000 ጊዜ ሲያድግ ጊዜው 1 ሚሊዮን ጊዜ ያድጋላ! ሴሎች ለምን ጥቃቅን እንደሆኑ፣ እኛም ለምን ልብና የደም ሥር እንዳስፈለገን በከፊል የሚያስረዳው ይኸው ነው።

ሦስተኛ፣ ሽፋኑ ሁሉን እኩል የሚያሳልፍ ወንፊት ይመስላል። ኦክስጅን በስብ ሽፋኑ በቀላሉ ያልፋል፤ ሶዲየምና ግሉኮስ ግን የፕሮቲን በር ይፈልጋሉ። ውሃም ቢሆን በፍጥነት እንዲያልፍ የራሱ በር አለው፤ ፒተር አግሬ በ2003 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል የተጋራው ይህን በር በማግኘቱ ነው።

ነገሩ የፈተና ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ግን ለ1 ሊትር ውሃ የተዘጋጀን ኦ.አር.ኤስ. «ጠንከር ይበል» ብሎ በግማሽ ሊትር የሚበጠብጥ ሰው አለ። የሟሟው ጨውና ስኳር ከልክ ሲያልፍ ውሃው ከሰውነት ወደ አንጀት ይሳባል፤ ተቅማጡም ሊብስ ይችላል። ውሃ ወዴት እንደሚያደላ የሚወስነው የሁለቱ ወገን ልዩነት መሆኑን የተረዳ ሰው ይህን አያደርግም።

ሥዕሏ ትጣል አላልኩም፤ ለመጀመሪያ ቀን ትምህርት ጥሩ ናት። ግን ሁለት ቀስት ይኑራት፣ አንዷ ወፍራም፣ አንዷ ቀጭን። ከጎኗም ማስመሪያ ይቀመጥላት።