ሳይነኩ መለካት

እ.ኤ.አ. በ1991 ጃፓናዊው ሱሚዮ ኢጂማ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ካርቦንን አትንኖ በአሉታዊው ዘንግ ጫፍ ላይ የተወውን ዝቃጭ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ መረመረ። ያየው አንዱ በሌላው ውስጥ የተሰኩ፣ ከሰው ፀጉር በሺዎች እጥፍ የቀጠኑ የካርቦን ቱቦዎችን ነበር። ሁለት የሶቪየት ተመራማሪዎች በ1952 ተመሳሳይ ምስል አሳትመው ነበር፤ ዓለም ልብ ያለው ግን ከኢጂማ በኋላ ነው።

እኔን ከግኝቱ በላይ የሚያስደንቀኝ ልኬቱ ነው። ይህን ያህል የቀጠነ ነገር በምን ተይዞ፣ በምን ተገፍቶ ግትርነቱ ይታወቃል? ትሬሲ፣ ኤበሰን እና ጊብሰን በ1996 መልሱን ያገኙት ቱቦውን ሳይነኩት ነው። አንድ ጫፉ የተያዘ፣ ሌላው ነፃ የሆነ ቱቦ ከሙቀት የተነሳ ራሱ ይንቀጠቀጣል፤ ስለዚህ በማይክሮስኮፕ ምስሉ ላይ ነፃው ጫፍ ይደበዝዛል። ሙቀቱን እየጨመሩ የድብዝዝታውን ስፋት ለኩ፤ ከዚያም ግትርነቱን አሰሉ። አማካዩ 1.8 ቴራፓስካል ሆነ። የብረት 0.2 ገደማ ነው! ሌላው ሰው ምስሉን አበላሸ ብሎ የሚጥለውን ብዥታ እነሱ መለኪያ አደረጉት። እንዲህ ያለ ብልሃት ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

የመበጠስ ጥንካሬያቸውን ለማወቅ ደግሞ በ2000 የሮድኒ ሩኦፍ ቡድን 19 ቱቦዎችን አንድ በአንድ በሁለት መርፌ ጫፎች መካከል አጣብቆ እስኪበጠሱ ጎተታቸው። የተበጠሰው የውጪው ንብርብር ብቻ ነበር፣ ከ11 እስከ 63 ጊጋፓስካል ከተቋቋመ በኋላ። የውስጦቹ ሰይፍ ከአፎቱ እንደሚመዘዝ ሳይጎዱ ተንሸራትተው ወጡ።