የአንገቱ መጋጠሚያ

ጋለሪ በመራሁባቸው ዓመታት ሸክላን በመስታወት ሣጥን አኑሬ ብርሃኑን አስተካክል ነበር። አሁን ወደ ጀመርኩበት ሥራ፣ ወደ ጭቃው ተመልሻለሁ። ጀበና በዓይን ብቻ አይታወቅም፤ መነሣት አለበት።

ፊቴ ያለው ጥቁር ጀበና ከቀጨኔ የመጣ ነው። ሆዱ ክብ ነው፤ መቀመጫውም ክብ ስለሆነ ያለ ማቶት አይቆምም። እጀታው ከአንገቱ ወጥቶ ትከሻው ላይ ያርፋል። ሦስት ጣት ያስገባል፤ ትንሿ ጣት ከሥር ትደግፋለች።

ጭቃው አፈር ብቻ አይደለም። የተሰበረ ሸክላ፣ ገሉ፣ ተወቅጦ ይገባበታል። ቀድሞ የተቃጠለ ስለሆነ አይኮማተርም፤ ለእርጥበቱም መውጫ ይከፍታል። ፍም ላይ ሲወጣና ሲወርድ የሚኖር ዕቃ ያለ እሱ ቶሎ ይሰነጠቃል።

መሽከርከሪያ የለም። ሠሪዋ በአንድ እጇ ከውስጥ ትደግፋለች፣ በሌላው ከውጭ እየሳበች ታቀጥናለች። ሆዱ ጠንከር እስኪል ይቆይና አንገቱ ይቀጠልበታል። እጅግ የማደንቀው ይህን ቦታ ነው። ሆዱ ከመጠን በላይ ከደረቀ፣ አንገቱ ሲኮማተር ከመጋጠሚያው ይላቀቃል። ከረጠበ ደግሞ ክብደቱን አይሸከምም፤ ይሰጥማል። አንገቱ ከቆመ በኋላ ውስጡን የሚያስተካክል እጅ አይገባም። ትንሿን ጣቴን እስከምትደርስ ሰድጄ ዳሰስኩት። መጋጠሚያው የቱ ጋ እንደሆነ አይለይም።

ቀለም አልተቀባም። ገና እርጥበቱ ሳይለቀው በልሙጥ ጠጠር ታሽቷል። ወደ መስኮቱ ሳዘነብለው የጠጠሩ መንገድ ይታያል፤ ሆዱ ላይ አግድም፣ አንገቱ ላይ ቁልቁል ነው። ጥቁረቱ የጢስ ነው፤ ሸክላው እንደጋለ በቅጠልና በገለባ ሲታፈን ጥላሸቱ ገላው ውስጥ ይገባል። የሚቃጠለው ሜዳ ላይ፣ በእንጨትና በኩበት ክምር ነው። ሙቀቱ ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ ጭቃው ዳግመኛ በውሃ አይሟሟም።

በጋለሪ ከእያንዳንዱ ሥራ ሥር የሠሪው ስም ይጻፋል። ከዚህ ጀበና ሥር ምንም የለም። አገሩ ሸክላ ሠሪዎችን ለረጅም ዘመን በክፉ ስም እየጠራ፣ ከእጃቸው በወጣው ጀበና ቡናውን ሲጠጣ ኖሯል። የሠሪዋ ስም ሊጻፍ ይገባ ነበር።

ገና ስላልተሟሸ ለቡና አልደረሰም። ውሃ ሞልቼ አዘነበልኩት። ውሃው ቀጥ ብሎ ወረደ፤ ሳቀናው ወዲያው ተቆረጠ፤ ወደ ሆዱ የተንጠባጠበ የለም። የማፍሰሻው ከንፈር ጫፉ ላይ ቀጥኖ ትንሽ ወደ ታች ተቀልብሷል።